ስለ እኛ የተጻፈው መረጃ የት ተቀምጧል?

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከዚህ ወጥታችሁ የሌሊት ፈረቃ የምትገቡም አላችሁ። ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ኮዴይን የሚባል መድኃኒት አለ። ጥርሱን ላስነቀለ፣ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው በሚሰጠው ታይሌኖል ቁጥር 3 ውስጥ ይገኛል፤ በአንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥም ይገባል። ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት ጉበታችን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ይህን የሚሠራው ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። ጂኑ ተደራርቦ የሚወረስባቸው ሰዎችም አሉ። በእነርሱ ጉበት ኮዴይኑ በፍጥነት፣ በብዛት ሞርፊን ይሆናል። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እነርሱን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሊከታቸው ይችላል፤ ሲብስም ትንፋሽ ያዘገያል። የምታጠባ እናት ከወሰደችው ደግሞ ሞርፊኑ በጡቷ ወተት ወደ ሕፃኑ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶዎቹ ይህ የተደራረበ ጂን ተገኘባቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ቢኖራቸው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የምንለው፣ በ2007 ስለ ኮዴይንና ስለሚያጠቡ እናቶች ባወጣው ማስጠንቀቂያ ኢትዮጵያውያንን በስም ጠቅሷል። በ2013 ቶንሲላቸውን በቀዶ ሕክምና ለሚያስወጡ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ ከለከለው፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መከረ። ትራማዶል የተባለውም አብሮ ተካተተ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ፣ ይህን ከዛሬ በፊት የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚነሣ እገምታለሁ። በሕክምና አስተርጓሚነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ኮዴይን ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜአለሁ፤ ከታማሚው ወገን ይህን አንሥቶ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ምሥጢር ስለሆነ አይደለም። ጥናቱ ታትሟል፣ ማስጠንቀቂያው ወጥቷል፣ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀትም ላይ ተጽፏል። ማስጠንቀቂያው በግብር ከፋይ ገንዘብ የተዘጋጀ፣ ማንም በነፃ የሚያነበው መረጃ ነው። ስለ እኛ ተጽፎ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ክፍተት ልነግራችሁ ነው። አደራ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እኔን ሰምታችሁ እንዳታቋርጡ፤ ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ሂዱ።

ክፍተቱ እንዴት መጣ? ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ሄክለር፣ ስለ ጥቁሮችና ስለ ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ጤና ያስጠኑትን ዘገባ ይፋ አደረጉ። የሞት መጠናቸው ከነጮቹ ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ የማይሞቱ 60,000 ያህል የአናሳ ማኅበረሰብ አባላት በየዓመቱ እንደሚሞቱ ዘገባው አሳየ። ካንሰር፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ፣ ስኳር፣ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1986፣ የአናሳ ማኅበረሰቦች ጤና ቢሮ ተቋቋመ። ዛሬ በዚህ ርዕስ የምናገኘው የመንግሥት መረጃ አብዛኛው ከዚያ ዘገባ በኋላ የተጠራቀመ ነው። መንገዱን የጠረጉልን የዚህ አገር ጥቁሮች ናቸውና ውለታቸውን ልንረሳ አይገባም።

ይሁን እንጂ ያ ዘገባ ሲጻፍ ከአፍሪካ የመጣው ሕዝብ ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሚሲሲፒ ተወልዶ ያደገውም፣ ከሄይቲ የመጣውም፣ ከደሴ የመጣውም በአንድ ሣጥን ገባ፤ ሣጥኑ «ጥቁር» ይላል። ይህ ዘረኝነትን ለመለካት ያገለግላል፤ መድልዎው ሲመጣ የተወለድንበትን ቀበሌ አይጠይቅምና። ጤናን በዝርዝር ለማየት ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። የኮዴይኑ ነገር ራሱ በዚህ ሣጥን ውስጥ ይጠፋል፤ ጂኑ ዘር ማንዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ በሆነ የዚህ አገር ጥቁሮች ዘንድ እንደ እኛ ብዙ አይደለምና።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ የተባሉ ሐኪሞች በኢሊኖይ ግዛት የተወለዱ ሕፃናትን የልደት ክብደት አነጻጸሩ። አፍሪካ ተወልደው ወደዚህ የመጡ ጥቁር እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት፣ እዚህ ከተወለዱት ጥቁር እናቶች ልጆች ይልቅ ወደ ነጮቹ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ የዘር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊሆን አይችልም ነበር። ልብ የሚነካው ግን በ2002 ያሳተሙት ተከታዩ ጥናት ነው፦ ከውጭ የመጡት ጥቁር እናቶች ሴት ልጆች እዚሁ አድገው ሲወልዱ ያ ብልጫ አብሯቸው አልቀጠለም። ይዘንላቸው የመጣነው ጤና እዚህ ሲኖሩ እየተሸረሸረ ነው ማለት ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ግን እንዴት ልንከታተለው እንችላለን? የልጅ ልጆቻችን በየትኛው መዝገብ ላይ ኢትዮጵያዊ ተብለው ይገኛሉ?

ወደ መዝገቡ በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ልታገኙት የምትችሉትን ልንገራችሁ።

ከዚህ ብዙም በማይርቀው በቤተስዳ፣ ሜሪላንድ፣ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አለ። በዓለም ትልቁ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ተቋም ሜድላይንፕላስ የተባለ ገጽ አለው፤ ማስታወቂያ የለበትም፣ የሚሸጠው ነገር የለም። በብዙ ቋንቋ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎች የሚል ክፍል ስትከፍቱ የቋንቋ ዝርዝር ይወጣል፤ አማርኛ በራሱ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እሱን ስትጫኑ በርዕስ በርዕስ የተደረደሩ ጽሑፎች ይመጣሉ፤ የአማርኛው ከእንግሊዝኛው አጠገብ ነው። ይህ አቀማመጥ ትልቅ ጥቅም አለው። እናት አማርኛውን እያነበቡ ልጅ እንግሊዝኛውን ያያል፤ ሐኪሙ ፊትም ሁለቱን ይዞ መግባት ይቻላል። ሁሉም ርዕስ በአማርኛ አለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ብዙ ይቀራል። የሚቀረው እንዲሞላ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ኢትኖሜድ ነው። በሲያትል የሃርበርቪው ሕክምና ማዕከልና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1994 የጀመሩት ነው። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ለታማሚዎች የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ለሐኪሞቹ የጻፈውን ክፍል ነው። ኢትዮጵያውያን እንዴት ይጾማሉ፣ ሞትና ከባድ ሕመም በቤተሰብ እንዴት ይነገራል፣ አራስ እንዴት ትያዛለች የሚለውን ለሐኪሞች ያስረዳል። በዐቢይ ጾም የስኳር መድኃኒቱ ለምን መስተካከል እንዳለበት ለሐኪሙ ማስረዳት የቸገረው ሰው፣ ያንን ገጽ አትሞ ቢወስድ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዴይሊሜድ ነው፤ ይህም የዚያው የቤተስዳው ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚህ አገር በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች መግለጫ ወረቀት እዚያ ተቀምጧል። የመድኃኒቱን ስም ከጠርሙሱ ላይ እያያችሁ ትጽፋላችሁ፤ በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ ካለው ከላይ ይመጣል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ከባድም ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለማንበብ አትታገሉ። ልጃችሁን ወይም የሠፈራችሁን ፋርማሲስት ይዛችሁ ሦስት ቦታ ብቻ ፈልጉ፦ በጥቁር የታጠረውን ማስጠንቀቂያ፣ ስለ እርግዝናና ማጥባት የሚለውን፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር አይሄድም የሚለውን። ኢንተርኔት የማይቀናው ሰው ወደ ካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ምርመራና ምክር አይሰጡም፤ የታመነ የጤና መረጃ የት እንዳለ ማሳየት ግን ሥራቸው ነው፣ ሥልጠናም የወሰዱ አሉ።

በቴሌግራምና በቫይበር የሚዘዋወረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥቁር አዝሙድን እኔም እወደዋለሁ፤ እናቴም በእርሱ አሳድጋኛለች። ጥቁር አዝሙድ ስኳርን ያጠፋል ብሎ ኢንሱሊን የሚያስጥል መልእክት ግን ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ከሥሩ የሚሸጥ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ለሌላ አትላኩት።

አንድ በሽታ ለብቻው ላንሣ፤ ሄፓታይተስ ቢ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው በሕፃንነቱ ይይዘዋል፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዓመታት ያለ ምንም ስሜት ጉበት ውስጥ ይቀመጥና ጉበትን ሊያኮማትር ወይም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሁሉ ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የደም ምርመራ ያድርግ ብሏል። ክትባት አለው። የያዘው ሰውም ቫይረሱን የሚቆጣጠር መድኃኒት አለው። እኛ ጋር ግን ሰው የወፍ በሽታ ነው ብሎ ዝም ይላል፣ ወይም ትዳሬ ይፈርሳል ብሎ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነው። ዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ «ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሬ አውቃለሁ ወይ? ውጤቱ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክትባት ስትወስዱ ወይም ልጃችሁን ስታስከትቡ በሕግ የሚሰጣችሁ አንድ መግለጫ ወረቀት አለ። እሱም በአማርኛ የተተረጎመለት ክትባት አለና በአማርኛ ካለ እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ሐኪም ቤት ውስጥ ትልቁ የመረጃ በር አስተርጓሚ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በእናቱና በሐኪሙ መካከል ተቀምጦ ስታዩት አንጀት ይበላል። እናትየዋ የመጣችው ማሕፀኗን አሟት ነው፤ ይህን በልጇ አፍ ልትናገር አትችልም። ስለዚህ ሆዴን ያመኛል ትላለች። ሐኪሙም የሆድ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛታል። ሕክምናው ሐሰት በሆነ መረጃ ላይ ተሠራ፤ ሐኪሙም እናትየዋም ልጁም አላጠፉም። አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ አስተርጓሚ ለጠየቁ አዛውንት «ልጅዎ የለም እንዴ?» ተብሎ ሲመለስላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሰውን በብሔራዊ ማንነቱ እንዳያገልል ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974፣ እንግሊዝኛ በማይችሉ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ይህ ሕግ ቋንቋንም እንደሚነካ ፈረደ። የ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ከነማስፈጸሚያ ደንቦቹ ደግሞ ለጤና ተቋማት ይህንኑ በግልጽ አመጣው፦ አስተርጓሚው ብቁ መሆን አለበት፤ ለታማሚው በነፃ ነው፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። በ2024 የወጣው ደንብ አንድ ነገር ጨመረ። ወሳኝ ጽሑፍ በኮምፒውተር ከተተረጎመ ብቃት ያለው ሰው ሊያየው ይገባል። ዛሬ ዛሬ በየክሊኒኩ ስልክ እያወጡ በማሽን ማስተርጎም ስለበዛ ይህችን በደንብ ያዙልኝ።

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ሌላም አላችሁ። የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 የወጣ ነው፤ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አገልግሎት የተከለከለ ሰው ለከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ያመለክታል። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የእኛም ሰዎች ከላቲኖውና ከእስያውያኑ ማኅበረሰቦች ጋር አብረው ተሟግተው ያመጡት ነው።

አስተርጓሚ የሚጠየቀው ሐኪሙ ፊት ከተቀመጡ በኋላ አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ በስልኩ ጠይቁ፤ መቀበያው ላይ ስትደርሱ ድገሙት። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ እናቶች ይህችን ብቻ አጥኑ፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ»። ፋይላችሁ ላይ ቋንቋችሁ አማርኛ ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ። አንዴ ከተመዘገበ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትጠይቁም ሊዘጋጅ ይችላል፤ በዓመቱ መጨረሻም ስንት አማርኛ ተናጋሪ እንደታከመ በቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ከታየ በጀት ይከተላል።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ሕመሙን ይዞ ቤቱ የሚቀመጠው ቢሉን ፈርቶ ነውና። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ጋ ይሂድ። ክፍያው በገቢ ልክ ነው፤ መክፈል ስላልቻለ የሚመለስ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ በ1965 በቦስተንና በሚሲሲፒዋ ማውንድ ባዩ ተጀመሩ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ናቸው። እነዚህን ማዕከላት ከሚመሩት የቦርድ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕግ የማዕከሉ ታካሚዎች መሆን አለባቸው። ዕድር ስንመራ፣ ቤተ ክርስቲያን ስናሠራ፣ መስጊድ ስናደራጅ የኖርን ሕዝብ ነን። በእነዚህ ቦርዶች ውስጥ ለምን አንገባም?

ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ደግሞ ግብር ስለማይከፍል ግዴታ አለበት። አቅም ለሌለው ሰው የሚያደርገውን የገንዘብ ድጋፍ በጽሑፍ አውጥቶ ማሳወቅ አለበት። በሚያገለግለው አካባቢ አንድ ቋንቋ የሚናገሩና እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሰዎች 1,000 ወይም 5 በመቶ ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ቁጥር ይዞ፣ ያንን ጽሑፍ በቋንቋቸው መተርጎም አለበት። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣበት ቀን አንሥቶ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊያቆማችሁ ወይም ክሬዲታችሁን ሊያበላሽ አይችልም። ቢሉን በኪችን መሳቢያ አትደብቁት። በስልክ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብላችሁ ፎርሙን አስልኩ።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን የሠሩትን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቤተ እስራኤላውያኑ ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው የማይታወቅ ያህል ነበር፤ አመጋገቡና ኑሮው ሲለወጥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ጨመረ። በ1996 ደግሞ የደም ባንኩ ኢትዮጵያውያኑ የለገሱትን ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት ሳይነግራቸው ሲደፋ እንደኖረ ታወቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ አደባባይ ወጡ። በእንዲህ ያለ ቁስል ላይ በ1998 ጤና ብሪዑት የተባለ ድርጅት ተመሠረተ፤ ስኳርን ለመከላከል የማኅበረሰቡን የራሱን ሰዎች እያሠለጠነ፣ በአማርኛ እያስተማረ ሠራ። ቁጥር በሕዝቡ ጀርባ ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ በደሙ ታሪክ ታይቷል፤ ሕዝቡ ራሱ ይዞ ሲሠራበት ደግሞ በዚህ ድርጅት።

ስለዚህ ወደ መዝገቡ ልመለስ። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ሥር ዝርዝር ማንነት የሚጻፍበት መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨመረ፤ ከምሳሌዎቹም መካከል ኢትዮጵያዊ የሚል ነበረበት። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኋይት ሐውሱ የበጀት ቢሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዘርና ብሔርን የሚመዘግቡበትን መመሪያ አሻሻለ። በዝርዝሩ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» ራሱን የቻለ ምልክት ማድረጊያ አለው፤ ከናይጄሪያዊው፣ ከሶማሌው፣ ከሄይቲያዊው ጎን። መሥሪያ ቤቶቹ ይህን ሥራ ላይ እንዲያውሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ነው የተሰጣቸው። ፎርም ሲቀርብላችሁ ያንን ሣጥን ፈልጉ፤ ከሌለ በእጃችሁ ጻፉት። ምን ያደርግልኛል የሚል ካለ የኮዴይኑን ነገር ያስታውስ።

ይህን ስል ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ስሜን፣ አገሬን፣ ቋንቋዬን ጽፌ ለማን ይሰጡብኛል የምትሉ አላችሁ፤ ጊዜውም ለፍርሃት ምክንያት ያጣ አይደለም። በ2025 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ብዙ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት የአናሳ ማኅበረሰቦች ጤና ላይ የሚሠሩት ክፍሎችም ተመትተዋል። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ስለ ቋንቋ አገልግሎት የፈረሙት ትእዛዝም በመጋቢት 2025 ተሽሯል። በፕሬዚዳንት ፊርማ የመጣ በፕሬዚዳንት ፊርማ ይሄዳል። ቅድም የጠራኋቸው የ1964ቱና የ2010ሩ ሕጎች ግን በኮንግረስ የጸደቁ ናቸው፤ አልተሻሩም። የከተማና የግዛት ሕጎችም በቦታቸው አሉ። የሚጠቅማችሁን ገጽ ስታገኙ አትማችሁ አስቀምጡ፤ ነገ እዚያው ላይኖር ይችላል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ፎርም ከመሙላቱ በፊት የሕግ ምክር ይጠይቅ፤ ሕክምናውን ግን አይተው።

የመጨረሻው ነገሬ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት የማታውቁት ይመስለኛል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ በየሦስት ዓመቱ የአካባቢውን ሕዝብ የጤና ፍላጎት አጥንቶ ለሕዝብ የማውጣት ግዴታ አለበት። በጥናቱ የአናሳ ማኅበረሰቦችን ድምፅ መስማት አለበት። ሰነዱ በሆስፒታሉ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ወረቀቱን እዚያው ሄዶ ያለ ክፍያ ማየትም ይቻላል። ከእነዚህ ሰነዶች አንዳንዶቹን አንብቤአለሁ። አማርኛ የሚለውን ቃል ስፈልግ የማገኘው በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ የሆነበት አለ፤ ጭራሹን ያጣሁበትም አለ። በየፓርኪንጉ፣ በየሆቴሉ፣ በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ጭምር ስንሠራ የምንውል ሕዝብ ነን፤ በሰነዱ ላይ ግን የለንም።

ማንም ሰው በሰነዱ ላይ በጽሑፍ አስተያየት መስጠት ይችላል፤ ሆስፒታሉም የሚቀጥለውን ሲያዘጋጅ አስተያየቱን የማየት ግዴታ አለበት። ጽሑፉ መርዘም የለበትም። በአካባቢው ስንት ዓመት እንደኖራችሁ፣ በቤታችሁ ማን በምን ሕመም እንደሚቸገር፣ አስተርጓሚ አግኝታችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የትኛውን ጽሑፍ በአማርኛ እንደምትፈልጉ ጻፉ። እንግሊዝኛ የማይጽፍ በአማርኛ ይጻፍ፤ የምንተረጉም ሰዎች አለን። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጠናል። የምትታከሙበትን ሆስፒታል ስም ከላይ አስቀምጡ፤ የሚላክበትን አድራሻ ከእናንተ ጋር እንፈልጋለን። እስከዚያው ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከእናቶች እንጀምር።